ፈረንሳይኛ ለሺሺንዳ ልጅ ምን ያደርግለታል?

በካፋ ካለችው ከሺሺንዳ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ፈረንሳይኛ ደረሰው ሲባል ቤተ ዘመዱ ፊቱ አይፈታም። ሕክምና ወይም ምሕንድስና ቢሆን ኖሮ እልል ይባልለት ነበር። ለፈረንሳይኛ ግን የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጄ፣ እሱን ተምረህ የት ልትቀጠር ነው?» እኔም ስድስት ኪሎ ፈረንሳይኛ ስማር ለእረፍት አገሬ በገባሁ ቁጥር ተጠይቄአለሁ። ቡናና ኮረሪማ ሸጦ፣ የማር ቀፎውን ጠብቆ ልጁን ያስተማረ ወላጅ የልጁ እንጀራ ቢያሳስበው አይፈረድበትም። ጥያቄው ግን መልስ አለው።

ከእንጀራው ልጀምር። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ አዲስ አበባ ነው። ፈረንሳይኛ ከኅብረቱ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የሚመጣው ልዑክ አብዛኛው የሚነጋገረው በዚሁ ቋንቋ ነው። አብዛኛው የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ሲሆን፣ እዚያ ደግሞ ፈረንሳይኛ ከዐረብኛ ጎን የመንግሥት ቋንቋ ነው። የካፋ ቡናም ባሕር የሚሻገረው በዚሁ በር ነው። አስተርጓሚ፣ አስጎብኚ፣ የትራንዚት ሠራተኛ፣ የኤምባሲ ጸሐፊ፣ መምህር መሆን ይቻላል። ሆኖም ዲግሪው ብቻውን በር አይከፍትም። ፈረንሳይኛን ከሒሳብ አያያዝ፣ ከቱሪዝም ወይም ከጋዜጠኝነት ጋር ያጣመረ ተመራቂ የተሻለ ዕድል አለው። ይህን ለተማሪው ገና በመጀመሪያው ዓመት መንገር ያስፈልጋል።

ትምህርቱ ቀላል አይደለም። እንግሊዝኛ የሚያጠና ተማሪ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ሲሰማው የኖረውን ቋንቋ ይዞ ይገባል፤ ፈረንሳይኛ የሚማረው ግን ከሀ ብሎ ነው የሚጀምረው። ለካፋ ልጅ ደግሞ ከአፍ መፍቻው ከካፊኖኖ፣ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ አራተኛ ቋንቋው መሆኑ ነው። ካፊኖኖን በላቲን ፊደል ስለተማረ ሆሄው ባዕድ አይሆንበትም፤ አነባበቡ ግን ሌላ ዓለም ነው። መምህሩ ቃል ሲያጽፉ «እናገራለሁ»፣ «ትናገራለህ»፣ «ይናገራሉ» ለማለት የሚመጣው ግስ ለጆሮ ሦስቱም ጊዜ «ፓርል» ነው። በወረቀት ላይ ግን መጨረሻቸው ይለያያል፤ የማይነበቡት ፊደላት ካልተጻፉ ስሕተት ነው። የሰማውን እንዳለ መጻፍ የለመደ ተማሪ እዚህ ላይ ላቡ ጠብ ይላል። በአንጻሩ የአክብሮት አነጋገር አያስቸግረውም። አባቱን «አንተ» ብሎ የማያውቅ ልጅ ታላቅን በብዙ ቁጥር መጥራት ሲባል ወዲያው ይገባዋል።

ፈረንሳይኛ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ የከፈቱት ትምህርት ቤት አስተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1925 የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ማስተማሪያ ቋንቋው አድርጎታል። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የባቡር ሐዲድ መዝገቡም ደብዳቤውም በፈረንሳይኛ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ቢወስድም ፈረንሳይኛ ጨርሶ አልጠፋም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲቋቋም የመጀመሪያው መሪ ዶክተር ሉሲየን ማት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ነበሩ። ሊሴ ገብረማርያምና አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝም ትውልድ እያፈራረቁ ሲያስተምሩ ኖረዋል።

ለእኔ ዋናው ምክንያት ግን ከአዲስ አበባ ይልቅ በካፋዋ ቦንጋ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1843 አንቷን ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥ ካፋ ገብቶ ነበር። የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ንጉሣዊ ቤት ሙሽራ እንዲያመጡ ከላካቸው መልእክተኞች ጋር ተቀላቅሎ ነው ቦንጋን ያያት። በኢትዮጵያ ዐሥር ዓመት ያህል ሲቆይ ቋንቋዎችን መዝግቧል፤ ተራሮችን ለክቷል፤ ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍትም ሰብስቧል። እ.ኤ.አ. በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ብራናዎቹ ዛሬ በፓሪስ፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ዳባዲ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። በዚያው ዓመት የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማረከ፤ መንግሥቱም አበቃ።

ካፋ ታሪኩን በቃል ያቆየ አገር ነው። በጽሑፍ የተመዘገበው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታሪኩ ከሞላ ጎደል በእንግዶች እጅ የተጻፈ ነው። የዳባዲ በፈረንሳይኛ፣ የሚሲዮናዊው ማሳያ በጣሊያንኛ፣ የአጥኚው ፍሪድሪሽ ቢበር በጀርመንኛ። እነዚህን ጽሑፎች ስንቶቻችን ከምንጫቸው አንብበናል? ስለ አያቶቻችን የተጻፈውን የምናውቀው ሌላው መርጦ በእንግሊዝኛ ሲጠቅስልን ነው። ተጓዡ የተሳሳተው የት ላይ ነው? የየትኛውን መንደር ስም አጣመመ? ያልገባው ሥርዓት የቱ ነው? ይህን ማረም የሚችለው አገሩንም ካፊኖኖውንም የሚያውቅ፣ ፈረንሳይኛውንም የሚያነብ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ፓሪስ አይወለድም። ውሽ ውሽን አልፎ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሺሺንዳና በአካባቢዋ ነው የሚወለደው።

ስለዚህ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ለፈረንሳይኛ ቦታ ይስጥ። ትምህርት ክፍል ማቋቋም ከከበደው ታሪክና ቱሪዝም ለሚያጠኑት በምርጫ ይጀምር። ሽማግሌዎቻችን በሕይወት እያሉ የተማረ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ የፈረንሳዩን ጽሑፍ እየተረጎመ ያስነብባቸው፤ የሚሉትንም ይመዝግብ። ወላጆችም ፈረንሳይኛ የደረሰውን ልጃችሁን አታሳፍሩት። አንተም ተማሪው፣ ዕጣ ጥሎኝ ነው ብለህ አራት ዓመት በቸልታ አታሳልፍ። ከሺሺንዳ ብዙ ሐኪምና መሐንዲስ ይወጣል፤ የካፋን ታሪክ ከፈረንሳይኛው ምንጭ አንብቦ የሚጽፍልን ሰው ግን ያስፈልገናል። ያ ሰው አንተ ሁን።