«እስከ» ስለምትባለው ቃል

በዚህ ወር ስለ ልጆች ንባብ ልጽፍላችሁ ዐስቤ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ወር በጎረቤቴ ቤት የደረሰውን ካየሁ በኋላ ዐሳቤን ለወጥሁ፤ እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ቤት ብቻ የሚቀር አይደለምና።

ጎረቤቴ እናቱን በቤቱ የሚጦር ሰው ነው። እናቱም ቆብ ከደፉ ብዙ ዘመን የሆናቸው፣ አሁን ግን ከአልጋ የማይወርዱ እማሆይ ናቸው። የጎረቤቴ ታናሽ ወንድም በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን አጠገብ ይኖራል፤ እሑድ እሑድ በዚያ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ በእኛ አገር እንደ ወራቱ ከምሽቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ በስልኩ መስተዋት እየታየ እናቱን ያነጋግራል። እማሆይ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁት ይህችን ሰዓት ነው። በዚያን ዕለት ማታ ግን የልጃቸው መልክ ጥቂት ታየና ደረቀ፤ አፉ እንደ ተከፈተ ቀረ፤ ድምፁም እየተቈራረጠ ጠፋ። እማሆይም «ልጄን ምን አገኘብኝ?» እያሉ ማልቀስ ጀመሩ።

ጎረቤቴ የወሩን ዳታ የገዛው ገና በዚያው ሳምንት ነበርና ቍጣው ዐሥራ አራት ዓመት በሆነው ልጁ ላይ ወረደ። «በጨዋታ የጨረስኸው አንተ ነህ» አለው። ልጁ «አልነካሁም» ቢል የሚሰማው አላገኘም። ስልኩ በሣጥን ተቈለፈ፤ ልጁም እራቱን ሳይቀምስ ተኛ። በማግስቱ አባትየው ከቤቴ መጥቶ «መምህር፤ ልጄ ሌባ ሆነብኝ፤ እባክዎ ይምከሩልኝ» አለኝ።

እኔም ከምክሩ አስቀድሞ ስልኩን ይዞልኝ እንዲመጣ ጠየቅሁት። የቀረውን ሒሳብ ብናየው ከተገዛው ዳታ እኩሌታው እንኳ ገና አላለቀም ነበር። ስልኩም እያንዳንዱ ፕሮግራም ስንት እንደ በላ የሚጽፍበት ገጽ በውስጡ ስላለው ያንን ከፍቼ አሳየሁት፤ የጨዋታው ድርሻ ከምንም የማይቈጠር ነበር። ጎረቤቴ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ልጁ ካልጨረሰው ለምን ተቋረጠ?» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅል የምንገዛው ዳታ መጠን ነው፤ በጋን ውስጥ እንዳለ ውሃ ማለት ነው። ፍጥነት ግን ውሃው በሚወርድበት አፍ ስፋት ይመሰላል። ጋኑ ሞልቶ ሳለ አፉ ሊጠብ ይችላል። ብዙ ሰው ግን መልኩ በደረቀ ጊዜ «ዳታው አለቀ» ይላል፤ ቀጥሎም «ማን ጨረሰው?» ወደሚለው ይሄዳል፤ በቤት ውስጥ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ልጅ አይጠፋም።

ጎረቤቴ በዚህ አልረካም። ዳታውን ሲገዛ የደረሰውን ማስታወቂያ አሳየኝ። አንድ ትልቅ ቍጥር በትልቅ ፊደል ተጽፎ፣ ከፊቱ በደቃቅ ፊደል «እስከ» የምትል ቃል ተቀምጣለች። «ይህን ያህል ይሮጣል ብለው ሸጠው የሚያነክስ ነገር ሰጡኝ፤ ይህ ሐሰት አይደለምን?» አለኝ። እኔ በሰዋስው ያደግሁ ሰው ነኝና ዐይኔ ያረፈው በቍጥሩ ላይ ሳይሆን በ«እስከ» ላይ ነው። «እስከ» ድንበርን ትናገራለች፤ ከድንበሩ ወዲህ በየትኛው ስፍራ እንደምንቆም ግን አትናገርም። «እስከ መቶ ብር እሰጥሃለሁ» ያለ ሰው ዐሥር ብር ሰጥቶ ቢሄድ ቃሉን አላፈረሰም፤ ተቀባዩ ግን እንደ ተታለለ ያውቃል።

ከድንበሩ የማንደርስበትን ምክንያት ለጎረቤቴ ያስረዳሁት በየኔታ ምሳሌ ነው። እኔ ፊደል የቈጠርሁት በዛፍ ጥላ ሥር ነው። የኔታ ዘንጋቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ እኛ ሕፃናት በየተራ ከፊታቸው ቀርበን እናነባለን፤ ተራው ያልደረሰው የትናንቱን እየከለሰ ይጮኻል። የኔታ አንድ ልጅ ብቻ ቢኖራቸው ኖሮ ጠዋቱ በሙሉ የእርሱ በሆነ ነበር። እኛ ግን አርባ ያህል ነበርንና ለእያንዳንዳችን የምትደርሰን ጥቂት ደቂቃ ነበረች። የኔታ አልሰነፉም፤ ፀሓይም አልቸኰለችም፤ ጠዋቱ ለአርባ ተከፈለ እንጂ።

የስልክ ማማም እንዲሁ ነው። አራተኛው ትውልድ ወይም «ፎር ጂ» በሚባለው አሠራር ማማው አንዲቱን ሰከንድ ለሺሕ ይከፍላታል፤ በእያንዳንዷም ክፍል የአየሩን መንገድ ለማን ስንት እንደሚያድል ይወስናል። 20 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ባለው መንገድ፣ ማማውና ስልኩ በሁለት በሁለት አንቴና ሲነጋገሩ፣ የዚህ አሠራር ጣሪያ በሰከንድ 150 ሜጋ ቢት ያህል ነው። ይህ ግን በማማው አንድ ፊት በኩል ላሉት ሰዎች ሁሉ የተሰጠ እንጂ የአንድ ሰው ርስት አይደለም። ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ቢስብ፣ ሁሉ ነገር ቢቃና እንኳ፣ ለአንዱ የሚደርሰው 5 ሜጋ ቢት ነው። ደግሞ ፍጥነት የሚነገረው በቢት፣ ጥቅሉ የሚሸጠው በባይት መሆኑን ብዙዎች አያስተውሉም፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። እንግዲህ በሰከንድ 40 ሜጋ ቢት የተባለው፣ ሁሉ ቢገኝ እንኳ፣ 5 ሜጋ ባይት ብቻ ነው።

የኔታን ገና አልጨረስሁም። ከእርሳቸው አጠገብ የተቀመጠ ልጅ ሙሉውን ቃል በአንድ ትንፋሽ ይቀበላል፤ በዳር ያለውና ጩኸት የከበበው ግን ፊደል በፊደል ካልተነገረው አይሰማም፤ የሳተውም ይደገምለታል። ስልክም ለማማው ቀርቦ ድምፁ ሲጠራለት በአንዲት ምልክት 6 ቢት ይጫንለታል፤ ሲርቅና ጫጫታው ሲበዛበት ግን 2 ቢት ብቻ ይላክለታል፤ የተበላሸውም እንደገና ይላካል። ጫጫታ ባለበት መንገድ የሚያልፍ መልእክት ሊታለፍ የማይችል ወሰን እንዳለው ክሎድ ሻነን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1948 በሒሳብ አሳይቷል። ለዳር ልጅ የሚደገምበት ጊዜ ደግሞ ከሌሎቹ ተራ ላይ የሚቀነስ ነውና የአንዱ መራቅ ሁሉን ያዘገያል። የቆርቆሮ ጣራና ወፍራም ግንብ እንደ ርቀት ይቈጠራሉ፤ የእማሆይ አልጋም የነበረው መስኮት በሌለው በጓዳው ክፍል ነበር።

«እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ መስመሮቹ ሁሉ ሞልተው ሳሉ እንኳ ይጐተታል» አለኝ ጎረቤቴ። በስልኩ ራስ ላይ ያሉት መስመሮች የየኔታ ድምፅ ምን ያህል ጐልቶ እንደሚሰማ ይናገራሉ፤ ስንት ልጅ ተራ እንደሚጠብቅ ግን አይናገሩም። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ እራቱን በልቶ ስልኩን ያነሣል። ፎር ጂ በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር አስቀድመው የገቡት ሰዎች ፍጥነቱን እያደነቁ ሲናገሩ እሰማ ነበር፤ ጉባኤው ገና ስላልሞላ ነው። በ2014 ዓ.ም. የመጣው «ፋይቭ ጂ» መንገዱን አስፍቷል፤ ነገር ግን ስልኩ ለዚያ ያልተሠራ ሰው በሰፊው መንገድ አይሄድበትም።

ከማማው ወዲያም መንገድ አለ። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ወደ ውጭ የሚሄደው መልእክት በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ወደ ባሕር ኬብሎች ይደርሳል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ ከአንድ በላይ ኬብሎች ተቈርጠው የብዙ አገሮች ኢንተርኔት ተዳክሞ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የሰፈሩ ማማ ያለ እንከን ቢሠራም ከባሕር ማዶ ያለው ሰው መልክ ይደርቃል።

እንግዲህ ሻጩ ንጹሕ ነውን? እኔ እንዲህ አልልም። የሐሰት ሚዛን የተነቀፈ መሆኑን የዚህ መጽሔት አንባቢ ሁሉ ያውቃል፤ ቍጥሩን እንደ ቤት አግዝፎ «እስከ»ን እንደ ጕንዳን ዐይን ያሳነሰ ሰው በቃሉ ባይዋሽ እንኳ በፊደሉ መጠን አታሏል። በእንግሊዝ አገር በቤት መስመር በሚመጣው ኢንተርኔት ላይ ይህ ነገር ሲያከራክር ኖሯል። በቀድሞው ደንብ ከመቶው ደንበኛ ዐሥሩ ብቻ የሚያገኘውን ፍጥነት «እስከ» ብሎ ማስታወቅ ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ ግን ሰው በሚበዛበት ሰዓት ቢያንስ እኩሌታው ደንበኛ የሚያገኘው ፍጥነት እንዲነገር ታዘዘ፤ ለቤተ ሰዎች ሰው የሚበዛበት ሰዓት የተባለውም በእኛ አነጋገር ከምሽቱ ከሁለት እስከ አራት ያለው ነው። ይህም የእማሆይ ሰዓት ነው።

በአሜሪካም ኤ ቲ ኤንድ ቲ የተባለው ኩባንያ «ገደብ የሌለው» ብሎ ዳታ ከሸጠ በኋላ፣ ብዙ የተጠቀሙትን ደንበኞች ፍጥነት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ዝቅ ያደርግባቸው ነበር። የንግድ ኮሚሽኑ በ2014 ከሰሰው፤ በ2019 ኩባንያው 60 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ዛሬም «ገደብ የለውም» የሚል ጥቅል ስትገዙ ገደቡ በመጠኑ ላይ ባይሆን በፍጥነቱ ላይ እንዳይሆን በደቃቁ ፊደል የተጻፈውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። በማታ ሰዓት በሰፈራችሁ ምን ያህል እንደሚገኝም ሻጩን በግልጥ ጠይቁት፤ መመለስ ባይችል እንኳ መጠየቁን ይልመደው።

ለጎረቤቴ ቤት ያደረግነው ግን ቀላል ነገር ነው። ወንድምየው ዐርብ ሌሊት ከሥራ ሲመለስ በእኛ ቅዳሜ ማለዳ ዐሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው ገና ስልኩን አልያዘም። በዚያው ስልክ፣ በዚያው ስፍራ ሆነን አንድ ቀን ማታ፣ አንድ ቀን ማለዳ ፍጥነቱን ብንለካ የማለዳው የማታውን ብዙ እጅ በለጠው። (መለካት የምትወዱ ተጠንቀቁ፤ መለኪያው ራሱ ዳታ ይበላል፤ መንገዱ በፈጠነ መጠንም አብዝቶ ይበላል።) የግድ በማታ መነጋገር ሲያስፈልግ ደግሞ መልኩን ትቶ በድምፅ ብቻ ማውራት ይሻላል፤ ድምፅ ከቪዲዮ ይልቅ እጅግ ጥቂት ስለሚፈልግ በጠባቡም አፍ ያልፋል።

ቅዳሜ ሲነጋ የእማሆይን አልጋ ከጓዳ አውጥተን ወደ ፊተኛው ክፍል፣ ወደ መስኮቱ አስጠጋነው። ስልኩ ከሣጥን ወጣ፤ የያዘውም ልጁ ነበር። የአጎቱ መልክ ብቅ አለ፤ አልደረቀም፤ ሲስቅ ጥርሱ ይታይ ነበር። እማሆይ ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው ብዙ ተመለከቱትና «ከስተሃል፤ ምን እየበላህ ነው?» አሉት፤ ከዚያም ስለ ምግብ ብቻ ሩብ ሰዓት ያህል ተነጋገሩ። አባትየው በበሩ መቃን ተደግፎ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። በመጨረሻ ቀረብ አለና ልጁን «ክንድህ ዝሏል፤ አምጣ፣ እኔ ልያዝልህ» አለው።