ሐዲዱን ትተን ቆርቆሮውን እንይ

ጠጣር አካላት በሙቀት እንደሚስፋፉ ስናስተምር ዘወትር የምንጠቅሰው የባቡር ሐዲድን ነው። በደብረ ታቦር ሐዲድ የለም። ተማሪያችን ግን ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ «ጧ! ጧ!» የሚለውን የቤቱን ጣሪያ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ኖሯል። ያ ድምፅ ፊዚክስ መሆኑን ሳንነግረው መቅረታችን የእኛ የመምህራን ጥፋት ነው እንላለን።

ስሌቱ ቀላል ነው። ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ከርዝመቱ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይረዝማል። በጉና ግርጌ ሰማዩ በጠራበት የበጋ ሌሊት ወደ 5 ዲግሪ የወረደ ቆርቆሮ እኩለ ቀን ላይ 50 ዲግሪ ቢደርስ፣ 2 ሜትር የሚሆነው ከ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት በላይ ይረዝማል። ከሥሩ ያለው ማገር ግን የዚህን ያህል አይረዝምም። ስለሆነም በመካከል ያለው ሚስማር በዓመት በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይወዘወዛል። በምጽዋ ጠረፍ ሚስማርን የሚበላው ጨዋማው እርጥበት ሲሆን፣ በእኛ ደጋ ቀዳዳውን የሚያሰፋው የቀንና የሌሊት ልዩነት ነው።

እንጨቱም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። በእርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ሚስማር መጀመሪያ ጥብቅ ይመስላል፤ እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር ግን ሚስማሩን የያዘው ሰበቃ በእጅጉ ይቀንሳል። አናጢውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ችኮላ ብንጠይቅ ይሻላል።

በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በከተማችን ከፍታ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 18 ኪሎ ግራም ያህል ወደ ላይ የሚያነሣ ኃይል ሊፈጥር ይችላል። (አየራችን ስስ ባይሆን ከዚህም በበለጠ ነበር!) የስስ ቆርቆሮ ክብደት ግን በካሬ ሜትር ከ3 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። ቀሪው ሸክም የሚስማሩ ነው። ሚስማሩ ሲለቅ፣ ጠርዙ እንደ ካራ የሆነ ቆርቆሮ በሰው መካከል ይበርራል።

የተለመደው ጥገና የላላውን በዚያው ቀዳዳ መልሶ መምታት ወይም ድንጋይ መጫን ነው። ሁለቱንም እንቃወማለን። የሰፋ ቀዳዳ በመዶሻ አይጠብም፤ ድንጋዩም አንድ ቀን ወደ ታች ይመጣል። የሚሻለው ሚስማሩን ነቅሎ፣ ጥምዝ ጥርስና የጎማ ሮንዴላ ያለው ወፈር ያለ ብሎን ማሰር ነው፤ ጎማው ውኃውን እያገደ ቆርቆሮው ትንሽ እንዲንቀሳቀስ ይፈቅዳልና። ማገሩ ከበሰበሰ ግን እርሱ ራሱ ይለወጥ። ብሎን ውድ ነው ይሉናል፤ እውነት ነው። አቅም ያነሰው ነፋስ በሚበረታበት በጣሪያው ጠርዝና ማዕዘን ያሉትን ያስቀድም።

ተማሪዎቻችን በመጪው ዕረፍት ጣሪያ ላይ ሳይወጡ፣ ከቤት ውስጥ ሆነው ብርሃን የሚያሳልፉትን የሚስማር ቀዳዳዎች ይቁጠሩ። የጠርዙን ከመሐሉ ለይተው ጽፈው ያምጡልን።