ፍሪሲዮን ሳይሞት በፊት ይናገራል



ባለፈው ሳምንት በዚሁ ዓምድ ስለ ፍሬን አንብበናል። ዛሬ ደግሞ ስለ ፍሪሲዮን እናነባለን። አንዳንዱ ሰው ክላች ይለዋል። ነገሩ ግን አንድ ነው።

«እኛ መኪና የለን፤ ይህ ትምህርት ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። እህላችንን ጭኖ ወደ ሾላ ገበያ የሚሄደው አይሱዙ ፍሪሲዮን አለው። ከሰንዳፋ ተነሥቶ በኮተቤ በኩል መገናኛ የሚያደርሰን ሚኒባስም ፍሪሲዮን አለው። ልጃችን ዛሬ ረዳት ይሆናል፤ ነገ መንጃ ፈቃድ ያወጣል። ስለዚህ ነገሩ የእኛም ነው።

ፍሪሲዮን ምን ይሠራል?

ማርሹ በእጅ በሚቀየር መኪና ውስጥ፣ በሹፌሩ እግር ሥር ሦስት ፔዳሎች አሉ። በስተቀኝ ያለው ነዳጅ መስጫ ነው። የመካከለኛው ፍሬን ነው። በስተግራ ያለው ፍሪሲዮን ነው።

አራሽ የትልሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ምን ያደርጋል? ማረሻውን ከአፈር አውጥቶ ያነሣል። በሬዎቹ ይራመዳሉ፤ ማረሻው ግን አፈር አይቆርጥም። ከዞረ በኋላ መልሶ ያስገባዋል። ፍሪሲዮንም እንዲሁ ነው። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ሞተሩ ይዞራል፤ ጉልበቱ ግን ጎማው ዘንድ አይደርስም። በዚህ ጊዜ ማርሽ ይቀየራል። እግሩን ቀስ አድርጎ ሲያነሣ ሞተርና ጎማ እንደገና ይገናኛሉ።

ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ሁለት መዳፎቻችሁን ግጠሙ። አጥብቃችሁ ተጭናችሁ አንዱን ስታዞሩ ሌላው አብሮ ይዞራል። ላላ ስታደርጉት ግን አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። መዳፋችሁም ይሞቃል። በመኪናው ውስጥ ከሞተሩ ጋር የሚዞር ከባድ የብረት ሰሃን አለ። ሸራ የለበሰ ዲስክ በጠንካራ ሞላ እየተገፋ በሰሃኑ ላይ ይጫናል። ሸራው ሲንሸራተት ይሞቃል። ሲሞቅ ይበላል። ሲበላ ይሳሳል።

ዳገት ለምን ይፈትነዋል?

የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። አየር ሲሳሳ የብዙ መኪና ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ተራራው ሽቅብ የሚወጣ ሹፌር ነዳጅ አብዝቶ ይሰጣል። ፍሪሲዮኑንም ግማሽ ረግጦ ይይዛል።

ከሁሉ የከፋው ልማድ ይህ ነው፦ መንገድ ተዘግቶ ዳገት ላይ ሲቆሙ ፍሬን መያዝ ትቶ፣ በግማሽ ፍሪሲዮንና በነዳጅ መኪናውን አቁሞ መያዝ። ያን ጊዜ የመኪናው ክብደት ያረፈው በሸራው ላይ ነው። ሸራው እየተንሸራተተ ይቃጠላል።

በዚያ መንገድ ላይ ሰው ብዙ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። የተጫኑ አህዮች አሉ። ተማሪዎች አሉ። ሸራው አልቆ መኪና ወደ ኋላ ቢንሸራተት የሚያገኘው እነርሱን ነው።

አምስት ምልክቶች

ፍሪሲዮን አብዛኛውን ጊዜ በድንገት አይሞትም። አስቀድሞ ይናገራል። ንግግሩን እንወቅ።

1ኛ. ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው ግን አይጎትትም። በተለይ ዳገት ላይ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ይህ መንሸራተት ይባላል። ሸራው አልቆ ይሆናል። ዘይት ነክቶትም ይሆናል። ወይም ፔዳሉ ከልክ በላይ ተወጥሮ ሸራውን በደንብ አላስጫነው ይሆናል።

2ኛ. ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ እንኳ ማርሽ አልገባ ይላል። ሲገባም ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል። ይህ አለመላቀቅ ይባላል። ኬብሉ ላልቶ ወይም ዘይቱ ጎድሎ ይሆናል።

3ኛ. ፔዳሉ ወለል ላይ ይወድቃል፤ አይመለስም። ኬብሉ ተበጥሶ ወይም ዘይቱ ፈስሶ ይሆናል። በዘይት በሚሠራው መኪና ደጋግማችሁ ስትረግጡት ከጠነከረ፣ ውስጡ አየር ገብቷል ወይም ዘይት የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው።

4ኛ. ፔዳሉ ሲረገጥ ይጮኻል። ሲለቀቅ ድምፁ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ጩኸቱ ፔዳሉ ሲለቀቅ ከመጣና ሲረገጥ ከጠፋ ግን፣ ካምቢዮው ይታይ።

5ኛ. መኪናው ሲነሣ ይንቀጠቀጣል። ሸራው ዘይት ነክቶት ወይም ሞተሩን የያዙት ጎማዎች ተበልተው ይሆናል።

ከመክፈል በፊት ምን እንይ?

ሸራውን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት። ይህ የብዙ ሰዓት ሥራ ነው፤ ገንዘብም ይፈጃል። ስለዚህ «ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ይቀየር» ከመባሉ በፊት ቀላሉ ነገር ይታይ።

መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን በእጅ ጫን አድርጉ። መጀመሪያ ላይ በቀላሉ የሚሄድባት ትንሽ ቦታ አለች። በብዙ መኪኖች ከ1 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ትክክለኛው ልክ በመኪናው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ቦታዋ ከጠፋች መኪናው ይንሸራተታል። ከበዛች ማርሽ አይገባም። በኬብል የሚሠራ ከሆነ ኬብሉን ማስተካከል ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ቀጥሎ ዘይቱን እዩ። በዘይት የሚሠራው ፍሪሲዮን የሚጠቀመው የፍሬን ዘይት ነው። በጠርሙሱ ላይ «ዶት 3» ወይም «ዶት 4» የሚል ይጻፋል። የመኪናው ዘይት ማጠራቀሚያ ክዳንም የትኛውን እንደሚፈልግ ይናገራል። ሁለቱን አነጻጽራችሁ አንብቡ። የሞተር ዘይት ከቶ አትጨምሩ፤ ውስጥ ያሉትን ጎማዎች አሳብጦ ያበላሻል። በአንዳንድ መኪና ደግሞ ፍሬንና ፍሪሲዮን ከአንድ ማጠራቀሚያ ይጠጣሉ። እንግዲያው ዘይት ጎድሎ ካያችሁ ነገሩ የፍሬንም ጉዳይ ነው። ሞልታችሁ ዝም አትበሉ፤ የሚያፈሰውን ቦታ ፈልጉ።

ሦስተኛ፣ መንሸራተቱን ፈትኑ። በሜዳ ላይ፣ ከፊትም ከኋላም ሰው በሌለበት ይሁን። የእጅ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ያዙ። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ማርሽ አስገቡ። ትንሽ ነዳጅ እየሰጣችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ከጠፋ ሸራው ገና ይይዛል። ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ይንሸራተታል። አንዴ ብቻ ፈትኑ፤ መደጋገም ራሱ ሸራ ይበላል።

ከዚያ ደብተራችሁን አውጡ። ቀኑን ጻፉ። ምልክቱን ጻፉ። በዳገት ነው በሜዳ? ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ከሞቀ በኋላ? ይህን ለመካኒኩ አንብቡለት። መካኒኩ የሚጀምርበትን ቦታ ያውቃል። እናንተም ያልታመመ ዕቃ ተቀይሮ አትከፍሉም።

ዳገት ላይ ቢበላሽስ?

ፍሬን ረግጣችሁ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ። መኪናው ሳይቆም ሞተሩን አታጥፉ፤ ፍሬኑ ይጠነክርባችኋል። ከቆመ በኋላ አጥፉት። ፊቱ ወደ ዳገቱ ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ ወደ ቁልቁለቱ ከሆነ የኋላ ማርሽ ይግባ። ነገር ግን የተንሸራተተ ፍሪሲዮን በማርሽ ብቻ አይታመንም። ረዳቱ ታኮ ያድርግ። ታኮ የሚያደርግ ሰው ከጎን ይቁም፤ ከጎማው ኋላ አይቁም። ተሳፋሪም ወርዶ ዳር ይያዝ። መኪናው ሲነሣ ድንጋዩን ከመንገድ አንሡ። በጨለማ የሚመጣ ሰው አያየውም።

ሲወርዱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ከእንጦጦ መውረድ ፍሬንን ያግላል። የጋለ ፍሬን አይዝም። በዝቅተኛ ማርሽ ስትወርዱ ግን ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝላችኋል። ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት ከሆነ ይህ እርዳታ ይደክማል። ስለዚህ የታመመ ፍሪሲዮን በመውጣትም በመውረድም አደጋ ነው።

ዕድሜውን ለማስረዘም

ማርሽ ከገባ በኋላ እግር ከፍሪሲዮን ላይ ይነሣ። ዳገት ላይ በፍሬን ይቆም። በአንደኛ ማርሽ ይነሣ። ከልክ በላይ አይጫን።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት የፍሪሲዮን ፔዳል የላቸውም። እስከዚያው ግን በመንገዱ ላይ ያሉት አሮጌዎቹ ብዙ ናቸው። ያለውን መያዝ ብልህነት ነው።

ቃላት

ሸራ — ዲስኩ ላይ የተለበጠው፣ በመፋተግ የሚያልቀው ነገር።
ኩሽኔታ — ሁለት ብረት ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርግ ዕቃ።
ካምቢዮ — ማርሾች የሚገኙበት የብረት ሳጥን።
ታኮ — መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማ ሥር የሚደረግ ድንጋይ ወይም እንጨት።

ጥያቄዎች

1. ሞተር እየጮኸ መኪና ካልጎተተ ምን ሆኗል?
2. ፍሪሲዮን ውስጥ የሞተር ዘይት ለምን አይጨመርም?
3. ታኮ የሚያደርግ ሰው የት ይቁም?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያም ለአንድ ሹፌር ወይም ረዳት ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጎማ እናነባለን። ደኅና ሰንብቱ።