የእጅ ንጽሕና ለማን ይተርፋል?

ጓዶች፤ ሰሞኑን በመኝታ ቤቱም በሻይ ክበቡም የሚሰማው ክርክር አንድ ነው። «የአሜሪካ ዲሞክራትና ሪፑብሊካን ያው ናቸው፤ ንቁ መራጭ ድምፁን ለሦስተኛ ፓርቲ ይስጥ» ይባላል። ጥሩ፤ ይስጥ። ግን ከሰጠ በኋላ ምን ሆነ ብለን እንጠይቅ እንጂ!

እስቲ ቁጥሩ ይናገር፤ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ2000 ጆርጅ ቡሽ ፍሎሪዳን፣ በፍሎሪዳም ፕሬዚዳንትነቱን፣ ያገኘው በ537 ድምፅ ብልጫ ነው። ራልፍ ኔደር እዚያው 97,488 ድምፅ ነበረው። ከኔደር መራጮች ከመቶ አንዱ ብቻ ወደ አል ጎር ቢዞር ኖሮ ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። በ2016ም ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና ፔንሲልቬንያ ውስጥ ዶናልድ ትራምፕ ያሸነፈበት ልዩነት ጂል ስታይን ካገኘችው ድምፅ ያነሰ ነበር። የስታይን መራጮች ሁሉ ለሂላሪ ክሊንተን ይሰጡ ነበር አንልም፤ ብዙዎቹ ምናልባት ከቤታቸውም ባልወጡ ነበር። ሆኖም ወንበሩ በዚህን ያህል ቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ሳለ «ያው ናቸው» ማለት ቀልድ ነው።

ወንበሩ ምን ያደርጋል ለሚል፦ ትራምፕ በ2018 መጨረሻ ለድንበር አጥር 5.7 ቢሊዮን ዶላር ካልተሰጠኝ ብሎ ከኮንግረስ ጋር ተፋጠጠ። በጀት ሳይጸድቅ 35 ቀን አለፈ። 800,000 ያህል ሠራተኞች ደመወዝ ተቋረጠባቸው፤ ገሚሶቹ ያለ ክፍያ ሥራ ገቡ፤ የአየር ማረፊያው ፈታሽ ለእርዳታ ምግብ ተሰለፈ። የኮንግረስ አባላት ደመወዝ ግን አልተነካም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚረገጠው ሣሩ ነው።

ታዲያ ዲሞክራቶቹ ቅዱሳን ናቸው? ኧረ ወዲያ! 43 ቀን በፈጀው የ2025ቱ መዘጋት እነሱም በሴኔት ድምፃቸውን ከልክለዋል። የከለከሉት ግን ለጤና መድን ድጎማ ነው። አጥርና ሕክምና ለእኛ ተከራካሪዎቹ አንድ ቢመስለንም ለታመመው ሰው አንድ አይደለም።

ጥፋቱ የሦስተኛው ፓርቲ አይደለም፤ ብልጫ ያገኘ ሁሉንም ይውሰድ የሚለው ሕግ ነው። የሜይን ግዛት ሕዝብ በ2016 ባሳለፈው ውሳኔ መራጩ ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ ይደረድራል፤ አንደኛ ያለው ሰው ከወደቀ ድምፁ ወደ ሁለተኛው ይተላለፋል። ትግል ማለት ይህ ነው! የኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ብልጫ ያገኘው ይመረጣል ይላልና ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ፣ ጓዶች፣ «እጄን አላቆሽሽም» ብሎ ዞር ያለ ሰው እጁ ንጹሕ ነው፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ግን ሌላ ነው።