የወሎን መልክ ማን ይቅረጸው?

በአሁኑ ዘመን ካሜራ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ ጎዳና የሚመላለሰው ወጣት በኪሱ ካሜራ ይዞ ይዞራል፤ መሥሪያ ቤቶች ከፊተኛው የበለጠ መሣሪያ ለመግዛት በጀት ያስይዛሉ፤ ሰርግ የሚቀርጹትም ከሰማይ የሚያነሣውን ድሮን ሳይቀር አግኝተዋል። ከዚህም የተነሣ «መሣሪያው ከተገኘ ዕውቀቱ አብሮ ይመጣል» የሚል አስተሳሰብ በብዙ ሰው ልብ ሰፍኗል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ብቻ ሳይሆን፥ ለወሎ በተለይ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ወሎ በተንቀሳቃሽ ሥዕል አማካይነት በዓለም ፊት ሁለት ጊዜ ቆማለች። መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለውን ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም በአገሩ ቴሌቪዥን ባሳየ ጊዜ ነው። ሁለተኛው፥ ኬንያዊው ካሜራ አንሺ መሐመድ አሚንና እንግሊዛዊው ማይክል በርክ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያመጡት ሥዕል ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም በቢቢሲ በታየ ጊዜ ነው። እነዚህ ሥዕሎች የዓለምን ልብ አንቀሳቅሰው እርዳታ አስገኝተዋል፤ ይህን የሚክድ ቢኖር ውለታ ቢስ ነው። ነገር ግን ሁለቱንም ጊዜ ካሜራውን የያዘው፥ የሚታየውን የመረጠውና ፊልሙን ቆርጦ የቀጠለው እንግዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ በውጭ አገር ብዙ ሰው ወሎን የሚያውቃት በረሃቧ ብቻ ሆነ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ ባለቤቱ አፉን ዘግቶ ሲቀመጥ ግን እንግዳው ቢናገር ምን ይፈረድበታል?

የፊልም ቅንብር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማወቅም ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ምሽት፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፥ ያው የዲምብልቢ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የታየው ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም፤ በረሃብተኞቹ ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ለውሾች ሥጋ ሲሰጥ የሚያሳይ ሥዕል ገብቶበት ነበር። ረሃብተኛውም እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። በተለያየ ቦታና ጊዜ የተነሡት ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን በአንዱም በሌላውም ለብቻው ያልነበረ ሦስተኛ ነገር ወለዱ፤ እርሱም ፍርድ ነው። ከዚያ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድ ተዋናይ ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፥ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ቀጥሎ በማሳየት፥ ተመልካቹ በዚያው በአንዱ ፊት ላይ ረሃብንም ኀዘንንም እንዲያነብ ያደረገበት ምስጢር ይኸው ነው። እንግዲህ በመቀስ መንግሥትን መክሰስ የሚቻል ከሆነ፥ በመቀስ ሕዝብን ማታለልም ይቻላል። ይህን የማያውቅ ተመልካች የሚፈርድ ቢመስለውም የተፈረደለትን ተቀባይ ነው።

የካሜራም ሥራ እንዲሁ የፍርድ ሥራ ነው። የተቀመጠን ሰው ቆሞ ከላይ ወደ ታች የሚያነሣ ካሜራ ሰውየውን ያሳንሰዋል፤ ችግረኛን በዚህ ዓይነት መቅረጽ በችግሩ ላይ ንቀት መጨመር ነው። ቀራጩ በርከክ ብሎ ሌንሱን ከሰውየው ዓይን ጋር ቢያስተካክል ግን ያው ሰው ያው ልብሱን እንደ ለበሰ ሙሉ ሰው ሆኖ ይታያል። ከሩቅ የተነሣ ሥዕል ሰው የቆመበትን አገር ያሳያል፤ ከቅርብ የተነሣው ልቡን ያሳያል። አገሩን ሳያሳዩ እንባውን ብቻ ማሳየት ምክንያቱን ደብቆ ውጤቱን መሸጥ ነው።

ሌላም ሕግ አለ። ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ አውቶቡስ በመጀመሪያው ሥዕል ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ከታየ በኋላ፥ ቀራጩ ሳያስብ መንገዱን ተሻግሮ በሚቀጥለው ሥዕል ከቀኝ ወደ ግራ ቢያሳየው፥ ተመልካቹ አውቶቡሱ ወደ ደሴ የተመለሰ ይመስለዋል። ብርሃንም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፥ በጦሳ ሥር በጠዋት ጉም የተነሣውን ሥዕል ኮምቦልቻ በቀትር ፀሐይ ከተነሣው ጋር እንደ አንድ ሰዓት አድርጎ መስፋት ለሚያስተውል ተመልካች ግልጽ ውሸት ነው። ስለ ድምፅም ቢሆን፥ የባቲንና የአምባሰልን ቅኝት ያፈራ አገር ልጅ በድኻ ሥዕል ሁሉ ላይ የትካዜ ዜማ መለጠፍ የለበትም። የወፍጮውን፥ የገበያውንና የቦርከናን ድምፅ እንዳለ ቢያሰማን ይበልጥ ይነካናል።

ይህ ሁሉ በየመሥሪያ ቤቱ በሚሠራው ፊልም ላይ ሲታይ ግን ምን እናገኛለን? የክብር ጠረጴዛ፥ የውኃ ጠርሙስ፥ የሚያጨበጭብ ተሰብሳቢ፤ ከዚያም እንደገና የክብር ጠረጴዛ። ስለ መስኖ ሥራ የሚናገር ፊልም ይሠራል፤ ውኃው ሲፈስና ገበሬው ቦይ ሲጠርግ ግን አይታይም። ይህ የመሣሪያ ድኽነት አይደለም፤ ማንን ማየት እንደሚገባ ያለማወቅ ድኽነት ነው።

«ሕዝቡ እንጀራ ሲፈልግ ስለ ፊልም ጥበብ መናገር ቅንጦት ነው» የሚሉ አይጠፉም። ለእነዚህ መልሱ አጭር ነው። በ1966 ዓ.ም እንጀራ ያጣው ሕዝብ ድምፁን ለመንግሥቱ ያሰማው በእንግዳ ፊልም ዞሮ አይደለምን? በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜስ፥ የደረሰውን ሁሉ ቀኑንና ቦታውን ለይቶ በሥርዓት የሚቀርጽ ሰው ለነገው ምስክርነት አያስፈልግም ነበርን? ቀኑና ቦታው ያልተመዘገበ ሥዕል ለሐሜት እንጂ ለፍርድ አይበቃም።

ገንዘብ የለንም የሚሉትም ቢሆኑ የኃይሌ ገሪማን ሥራ ይመልከቱ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በ1966 ዓ.ም በአገር ውስጥ ሲቀርጽ የያዘው የ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር፤ የቀረጸው የገባር ገበሬ ቤተሰብን ኑሮ ነው፤ ካሜራውም ሳይቸኩል ረጅም ጊዜ ይመለከታል። በ1968 ዓ.ም የወጣው ይህ ፊልም ዛሬም በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ይታያል። ብዙ ባለጸጋ ያልሠራውን የሠራው መሣሪያው ሳይሆን የሚያይበትን የሚያውቅ ዓይኑ ነው።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸው ጽሑፍን እንደሚመረምሩ ፊልምንም እንዲመረምሩ ያስተምሯቸው፤ «ይህ ሥዕል ከየት ተነሣ? ከእርሱስ በፊት ምን ተቆረጠ?» ብለው መጠየቅን ያልምዷቸው። ሹማምንት ለአዲስ ካሜራ የሚመድቡትን ገንዘብ ከፍለው ለሥልጠና ያውሉት። ተማሪዎችም በእጃቸው ባለው ስልክ የሰኞ ገበያን አንድ ሰዓት በ10 ሥዕል ብቻ፥ ያለ ንግግርና ያለ ዘፈን፥ ለመተረክ ይሞክሩ። ይህን ሳይችል ድሮን የሚያስነሣ ሰው ከፍ ከማለት በቀር የሚያሳየን ነገር የለውም። የወሎን መልክ የወሎ ልጅ አጥንቶ ካልቀረጸው፥ ሌላው እንደ ወደደ ይቀርጸዋል፤ ያን ጊዜ ማማረር መብት አይሆንም።