የተሰረዘው እንሰት

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ዛሬ የምጽፍልህ ነገር ቍጣ አለበት። ቍጣው የተነሣው ከገዛ ቤቴ ስለ ሆነ ይቅርታ አልጠይቅበትም።

የእናቴ ቤት በወላይታ፣ ከአረካ አጠገብ፣ ዱቦ ነው። በጓሮው እርሷ በገዛ እጅዋ ተክላ ያሳደገችው እንሰት ነበር፤ ክፉውን ዘመን ያሻገረንም እርሱ ነው። የእህቴ ልጅ እዚያው አደገ። ልጁ እጁ የተባረከ ነው፤ ገና ፊደል ሳይለይ በከሰል ግድግዳ ላይ በሬ ይሥል ነበር። አሁን ግን ከሰሉን ትቶ በስልክ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ያነሣውንም እያስዋበ ለሠርገኛና ለተመራቂ ይሸጣል። አንድ ቀን አያቱን ከደጅዋ አስቀምጦ አነሣት። ከዚያም ቤቱን፣ አጥሩንና እንሰቱን በሙሉ ሰርዞ፣ በስተኋላዋ በረዶ የለበሰ ተራራና ባለ ሾጣጣ ግንብ የፈረንጅ ቤተ መንግሥት አቆመላት። ሲያሳያት ብዙ ተመለከተችና በወላይትኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ «ቤቴን ወዴት አደረስከው?» ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ።

ባለፈው ዓመት ዐረፈች። ለለቅሶው አጉልተው ያሳተሙት ፎቶግራፍ ያው ነበር፤ ሌላ ጥርት ያለ አልተገኘም፤ የመጀመሪያውንም ልጁ ስልኩ ሲሞላበት አጥፍቶታል። አልቃሾቹ ሙያዋን እያነሡ፣ እንሰቱን እንዴት ትፍቅ እንደ ነበር፣ ስንቱን ጎረቤት እንዳበላች እየጠሩ ሲያለቅሱ፣ እርሷ ከበረዶው መካከል ተቀምጣ ትመለከተን ነበር።

ከሠልስት በኋላ ልጁን ጠርቼ ወቀስሁት። እርሱ ግን አላፈረም። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ምናብ ነው። ጥበብ ያለውን መድገም አይደለም። የዘመኑ ሠዓሊዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው» አለኝ። ይህ መልስ በብዙ ወጣቶች አፍ ስለሚገኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

እኔ «ሠዓሊ ያየውን ብቻ ይገልብጥ» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ለመሆኑ እስክንድር ቦጎሲያን በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሣለውን የድንጋጤና የደስታ የሌሊት በረራ የሚባለውን ሥዕል የትኛው ዓይን አይቶት ያውቃል? ዛሬ በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና የሥዕል ሙዚየም ይገኛል። ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት የሚበሩበት እንዲህ ያለ ሌሊት በምድር ላይ የለም። ነገር ግን የእስክንድር ምናብ ከአባቶቻችን ብራና፣ ከክታቡና ከጠልሰሙ የጠጣ ነበር። ሥዕሉን የሣለው በፓሪስ በሚኖርበት ዘመን ነው፤ የፓሪስን ግንብ ግን አልለጠፈበትም። አይዳ ሙሉነህንም ተመልከት፤ በ2018 ስለ ውሃ ችግር በሠራችው ሥራ የሴቶቹን ፊት በቀለም ቀብታ፣ ደማቅ ልብስ አልብሳ፣ በአፋር፣ በዳሎል ምድር ላይ አቆመቻቸው። የሚታየው ሁሉ ሕልም ይመስላል። ሕልሙ ግን ጀሪካን ተሸክሞአል፤ የውሃ መንገድ የሄደች ሴት ሁሉ ሸክሙን ታውቀዋለች። ኤልያስ ስሜም ቢሆን ከተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና ከአሮጌ የኮምፒዩተር ዕቃ ሰፊ መልክዐ ምድር የሚመስል ነገር ይሠራል፤ ከዚህ በላይ የዘመን ነገር ወዴት ይገኛል? ከእነዚህ አንዱም ዘመኑን አልሸሸም። የቆሙበትንም መሬት አልካዱም።

ልጁ ግን ሰነፍ ተከራካሪ አይደለም። «ግርማ በርታስ?» አለኝ። እውነቱን ልናገር፤ ይህ ጥያቄ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። ግርማ በርታ በአዲስ አበባ ጎዳና የሚያልፈውን ሰው በስልክ እያነሣ፣ ከመንገዱ ነጥሎ በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ያቆመዋል፤ በዚህም ሥራው በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም የሰጡትን ሽልማት አግኝቶአል። እርሱም እኮ ይሰርዛል! ነገር ግን ምን እንደሚያስቀር ተመልከት፤ የተሸካሚውን ሸክም በጀርባው፣ ጥላውንም በእግሩ ሥር ይተውለታል። በየቀኑ ሳናየው የምናልፈውን ሰው ቆመን እንድናየው ግርግሩን አነሣልን። የእህቴ ልጅ ግን ቤቱን ያነሣው አያቱ የማን እንደ ሆነች እንዳይታወቅ ነው፤ ይህንንም በአፉ ተናግሮታል፤ «የሣር ቤት ያሳፍራል» ብሎ።

በዚያ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ከሚያልፉት ጫማ ጠራጊዎችና ሎተሪ አዟሪዎች መካከል ስንቱ የወላይታ ልጅ እንደ ሆነ አንተም ታውቃለህ። ከአገሩ ያስወጣው የመሬት ጥበት እንጂ ፎቶግራፍ አይደለም፤ ይህን አላምታታም። ነገር ግን ውበት ሁሉ ከወዲያ ማዶ ነው እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ቢመለስ ወደ ምን ይመለሳል? በጊፋታ ቀን ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ቀለም ያለውን ዱንጉዛ ለብሶ የሚነሣ ጎረምሳ እንኳ ከበስተኋላው ያው የበረዶ ተራራ ይቆምለታል። ለምን? ከሶዶ በላይ ያለው ዳሞታ ተራራ አይደለም እንዴ?

ክርክሩ ሲጠናበት ልጁ ከሣጥን ውስጥ የእኔን ፎቶግራፍ አወጣ። ተማሪ ሳለሁ የተነሣሁት ነው፤ በስተኋላዬ በሸራ ላይ የተሣለ አውሮፕላን አለ። «ጋሼ፣ ወዴት ሊሄዱ ነበር?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ አውሮፕላን የተሳፈርሁት ጠጕሬ ከሸበተ በኋላ ነው። እንግዲህ እፍረቱን ያስተማርነው እኛ ነን። እንግዳ ሲመጣ ቆጮውን ሸሽገን ዳቦ የምናቀርብ፣ እንሰትን የድህነት ምልክት አድርገን ለልጅ የምንነግር፣ ሥዕል የሚወድ ተማሪ ስናይ «ይህ እንጀራ አይሆንህም» ብለን እርሳሱን የምንነጥቅ እኛ ነን። አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በአዲስ አበባ ያቋቋሙት በ1950 ዓ.ም. ነው፤ ይህን ያህል ዘመን አልፎም በየቤታችን ሠዓሊ ሥራ ፈት ነው። ከሰሉን ያስጣለው ማን እንደ ሆነ ስጠይቅ ራሴንም ከዝርዝሩ አላወጣም። ልጁን መውቀሴን ግን አልተውሁም፤ እኔ ጀርባዬን የሰጠሁት ለሸራ ነበር፤ በዚያ ሸራ ምክንያት የማንም ቤት አልጠፋም።

የእናቴ ቤት አሁንም ቆሞአል። የሣር ክዳኑ ግን አርጅቶአልና ከጊፋታ በኋላ በቆርቆሮ ሊለወጥ ነው፤ ከእንሰቱም ሦስቱ ብቻ ቀርተዋል። ልጁን፣ «ሳይፈርስ ሂድና አንሣው፤ በምናብህ የፈለግኸውን ጨምርበት፤ ብትወድ እንሰቱን ክንፍ አብቅልለት፤ አንዲት ቅጠል ግን እንዳትቀንስ» አልሁት። ጥቂት አሰበና ዋጋውን ጠየቀኝ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ እንደምከፍለው ነገርሁት።