የጣና ዓሣና የክረምቱ መረብ

ክረምት በገባ ቍጥር ባርቡስ የሚባለው የጣና ዓሣ ዕንቍላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣል። አጥማጁም ይህን ያውቃልና መረቡን በወንዙ አፍ ዘርግቶ ይጠብቀዋል። ይህም ለዘር የተቀመጠውን እህል እንደ መብላት ነው።

የዓሣ ሀብት አዋጅ ቍጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ነገር ግን ወረቀት ብቻውን ዓሣ አይጠብቅም።

አጥማጁ «በክረምት ልጆቼ ምን ይብሉ?» ቢል ጥያቄው እውነተኛ ነው። ስለዚህ የወንዞቹ አፍ በመራቢያው ወራት ከመረብ ይጠበቅ፤ ቀኑና ወሰኑ ግን ከአጥማጆቹ ጋር ተመክሮ ይወሰን፤ ለእነዚያም ወራት ሌላ እንጀራ ይፈለግላቸው። ወጣቱ ሹም ሆይ፥ ሥራህን ከደንገል ታንኳው አጠገብ ጀምር። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።